ደረጃው ለምን አልፈረሰም?

ከብራምፎንቴይን ወደ ሂልብሮው ስንሄድ ኮረብታው ላይ ሰፊ ግቢ አለ፤ ኮንስቲትዩሽን ሂል ይባላል። ብዙዎቻችን የምናውቀው በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ነው። እኔ ግን ስለ አሮጌዎቹ የጡብ ማማዎች ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግቢው በ1890ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ እስር ቤት ነበር። የጄምሰን ወረራ ከከሸፈ በኋላ የፖል ክሩገር መንግሥት ከ1896 እስከ 1899 እስር ቤቱን በትልቅ የአፈር ካብና በድንጋይ ግንብ ከበበው። ምሽጉ ሁለት ሥራ ነበረው፦ እንግሊዝን መከላከልና ከሥሩ ያለችውን የወርቅ ከተማ መቆጣጠር። በ1900 እንግሊዞች ከተማዋን ሲይዙ እንደገና እስር ቤት ሆነ። ጋንዲ በ1908 እዚህ ታስረዋል። ማንዴላ ደግሞ በ1962 አገራችን ወታደራዊ ሥልጠና ወስደው ተመለሱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ነሐሴ ላይ ተይዘው የመጡት ወደዚሁ ምሽግ ነው።

በ1928 ፍርድ ለሚጠባበቁ እስረኞች ሌላ ሕንጻ ተጨመረ። እስር ቤቱ በ1983 ተዘጋ። አዲሱ ፍርድ ቤት ሲሠራ ይህ ሕንጻ ፈረሰ፤ አራቱ የደረጃ ማማዎች ግን ቀሩ። ጡቦቹም አልተጣሉም፤ የችሎቱ አዳራሽ ግድግዳ የተሠራው በእነሱ ነው። ከዳኞቹ ጀርባ ባለው ረጅም ጠባብ መስኮት ደግሞ በውጭ የሚያልፈው ሰው እግር ይታያል። ፍርድ ቤቱ መጋቢት 21 ቀን 2004 ተመረቀ።

የአሠራሩ ሐሳብ ቀላል ነው። እስረኛው የወጣበትና የወረደበት ደረጃ ከፍርድ ቤቱ ጋር ከቆመ፣ ዳኛውም ተሟጋቹም ያለ ፍርድ መታሰር ምን እንደነበር ሳያየው አያልፍም። በጽሑፍ ብቻ ቢቀመጥ ኖሮ ሊዘለል ይችል ነበር።

ይህን ሳስብ የአዲስ አበባው ዓለም በቃኝ ትዝ ይለኛል። ጣሊያን አስሮበታል፤ ደርግ በኅዳር 1974 ስድሳዎቹን ባለሥልጣናት የረሸነው እዚያው ግቢ ነው። ሕንጻው ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ጽሕፈት ቤት በጥር 2012 ተመረቀ። ኅብረቱ ቦታ ማግኘቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እስረኞቹ የኖሩበት ሕንጻ እንደ ጆሃንስበርጉ ደረጃ ቆሞ አይታይም። ልጆቻችን በዚያ ሲያልፉ የሚያዩት አዲሱን ሕንጻ ብቻ ነው።

የፈረሰውን ግድግዳ መመለስ አንችልም። እዚያ የታሰሩ ወይም ስንቅ ያመላለሱ ወላጆችና አያቶች ግን ዛሬም በመካከላችን አሉ። የቀድሞ ተማሪዎችም ሆናችሁ አዲስ ገቢዎች፣ ደውላችሁ ጠይቋቸው፤ በሩ የት እንደነበር፣ ስንቁ በየት እንደሚገባ ጻፉልን። ደረጃውን ማቆም ባንችልም፣ መንገዱን የሚያውቁት ሳያልፉ መመዝገብ እንችላለን።