የደን አፈር አሲድነት፤ ከጭስ ነው ከምንጣሮ?

በበጋ የጋምቤላ ሜዳ ሣር ሲቃጠል ጭሱ የባሮን ዳርና ከተማውን ይሸፍናል። ዓይን የሚያቃጥል ይህ ጭስ የጎደሬን ደን አፈር አሲዳማ ያደርገዋልን?

ጥያቄው ያለ ምክንያት አይነሣም። በአውሮፓ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ፣ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው የድኝ ጭስ ከዝናብ ጋር ተዋሕዶ ብዙ የደን አፈር አበላሽቷል። አሲዱ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን አጥቦ ወሰደ፤ አሉሚኒየምን አሟሟ፤ የዛፉም ሥር ተጎዳ። እ.ኤ.አ. በ1979 መንግሥታት ጄኔቫ ላይ ስምምነት የፈረሙት ለዚህ ነበር።

ጋምቤላ ውስጥ ግን ይህን ያህል የድኝ ጭስ የሚያወጣ ፋብሪካ የለም። የሣር ጭስ ዝናቡን በመጠኑ አሲዳማ ቢያደርገውም፣ ከአሲዱ ጉልህ ክፍል የሆነውን የአፈር ደቂቅ ነፍሳት ቶሎ ያብላሉታል። ንጹሕ ዝናብ ራሱ ፒ ኤቹ ወደ 5.6 ነው። የአካባቢያችን አፈር አሲዳማ የሚሆነው በዋናነት ለብዙ ዘመን በወረደበት ብርቱ ዝናብ በመታጠቡ ነው።

ይህን እጥበት የሚገታው ደኑ ነው። ሥሩ ወደ ታች የወረደውን ካልሲየም ስቦ ለቅጠሉ ይሰጣል፤ ቅጠሉም ረግፎ ሲበሰብስ ለላይኛው አፈር ይመልሳል። ደኑ ተመንጥሮ ሲቃጠል አመዱ አሲድነቱን ስለሚቀንስ የመጀመሪያው በቆሎ ያምራል። ገበሬው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። አመዱ በጥቂት ክረምት ታጥቦ ያልቃል፤ ካልሲየሙን የሚመልስ ሥርም የለም። በቆሎው ይቀጭጫል፤ ሌላ ደን ይመነጠራል። የማጃንግ ደን እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ መዝገብ ብቻውን ግን ምሣር አያስቆምም። ከዛፍ ጥላ ሥር ቡና የሚለቅሙና ከዛፉ ላይ ማር የሚቆርጡ ማኅበራት ከዛፉ ጋር አፈሩንም እየጠበቁ ናቸው።

የልማት ሠራተኞች ከደኑና አጠገቡ ካለው የቆየ ማሳ ለየብቻ ናሙና እንዲወስዱ እንመክራለን። በየማሳው ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ በንጹሕ ባልዲ ይደባለቅ። ግንድ ከተቃጠለበት ቦታ አይወሰድ፤ አመዱ ውጤቱን ያሳስታል። ፒ ኤቹ ከ5.5 በታች ከወረደ አሉሚኒየሙ ሥርን መጉዳት ይጀምራል። ኖራ የሚበተነው ለማሳው እንጂ ለደኑ አይደለም፤ ማኅበሩም ምርመራው ሳይደርሰው ኖራ አይግዛ፤ የመኪናው ኪራይ ቀላል አይደለምና። ናሙናው በበጋ ይወሰድ፤ ኖራው ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር ካልተደባለቀ ለዚያ ዓመት ሰብል እምብዛም አይደርስም።