«ፕሊዝ» ብዬ ነበር እኮ!

ሐረር ለተወለደ ልጅ እንግሊዝኛ ሁለት ትምህርት ቤት አለው። አንደኛው ክፍል ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው ፈረስ መጋላ። እኔ የወደቅኩት በሁለተኛው ነው።

የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እያለሁ፣ ትምህርት ሲዘጋ አንድ አስጎብኚ እየተከተልኩ ውሃ እይዝ፣ ባጃጅ እጠራ ነበር። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ጀጎልን ለማየት የሚመጣ እንግዳ መንገዱ ይታወቃል፤ ራምቦ ቤት፣ ሙዚየም፣ መኪና ግርግር፣ ሲመሽ ደግሞ ጅብ።

አንድ ቀን ከአንዲት ጠና ካሉ እንግዳ ጋር መኪና ግርግር ገባን። (ለማታውቁት፦ መኪና የተባለው ተሽከርካሪ አይደለም፣ የልብስ ስፌት መኪና ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ሲሰፉ የሚሰማው ድምፅ ነው ለመንገዱ ስም ያወጣለት።) ሴትዮዋ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ፊት ቆሙና ካሜራቸውን ከፍ አድርገው፣ «ዉድ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ቱክ ኤ ፎቶ?» አሉ። ሽማግሌው እኔን አዩኝ። አስጎብኚው ወደኋላ ቀርቷል። እኔ ከሁሉም የገባችኝ «ፎቶ» የምትለዋ ናት። ፈገግ ብዬ፣ «የስ! የስ!» አልኩ። 

ሴትዮዋ «ኦ፣ ሶሪ» ብለው ካሜራቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ሄዱ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ቀና ብለው እንደተቀመጡ ቀሩ።

ማታ ደግሞ ይባስ። ጅብ ወደሚበላበት ለመሄድ ባጃጅ ልጠራ ነውና ሴትዮዋን፣ «ዩ ዌት ሂር ፕሊዝ። ጊቭ ሚ ዩር ነምበር ፕሊዝ» አልኳቸው። ሁለት ጊዜ «ፕሊዝ» ብያለሁ! ቁጥራቸውን ሰጡኝ፣ ፊታቸው ግን ተቀየረ። በኋላ አስጎብኚውን፣ «ልጁን ያስቀየምኩት ነገር አለ እንዴ?» ብለው ጠየቁት። እኔ እኮ አልተቆጣሁም! እንደ እናቴ ነበር ያየኋቸው።

አገራቸው ከገቡ በኋላ ቴክስት ላክሁላቸው። «ሴንድ ሚ ዘ ፎቶስ ፕሊዝ። ቴል ዩር ፍሬንድስ አባውት ሚ።» ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። መልስ አልመጣም። እስከ ዛሬ።

ትህትናው የት ረገፈ?

ለብዙ ጊዜ ፈረንጅ ኩሩ ስለሆነ ነው ብዬ ተጽናናሁ። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እስቲ አስቡት፤ ከአንድ ሽማግሌ ባለሱቅ ውሃ ስትገዙ ምን ትላላችሁ? «አባባ፣ ውሃ ይስጡኝ።» «እባክዎ» እንኳን አላላችሁም፤ ግን ምንም አልጎደለም። አክብሮቱ «አባባ» ውስጥ አለ፣ «ይስጡኝ» ውስጥም አለ። ከተማችን ውስጥ በኦሮምኛም ቢሆን ለእኩያ «ኬኒ»፣ ለሚከበር ሰው «ኬና» ነው። ግሱ ራሱ ጎንበስ ይላል።

አሁን ያንኑ ወደ እንግሊዝኛ አዙሩት፦ «ጊቭ ሚ ዋተር።» አባባ የለ፣ አንቱታ የለ። ሁሉም መንገድ ላይ ረግፎ ትእዛዙ ብቻ ደረሰ። «ፕሊዝ» ስንጨምርበት ለስለስ ያለ ትእዛዝ ይሆናል እንጂ ጥያቄ አይሆንም። የኔ ጥፋት ይኼ ነበር።

የሚገርመው፣ እንግሊዞቹም ድሮ አንቱታ ነበራቸው። ለአንድ ቅርብ ሰው «ዛው» ይሉ ነበር፤ «ዩ» የብዙ ሰውና የሚከበር ሰው መጠሪያ ነበር። ቀስ በቀስ ለሁሉም «ዩ» ሆነና «አንተ» ጠፍቶ «አንቱ» ብቻ ቀረ። ሁሉም ሰው አንቱ ከተባለ ደግሞ አንቱታው ማንንም ለይቶ አያከብርም። ዛሬ አክብሮታቸውን የሚያስቀምጡት ሌላ ቦታ ነው፦ ጥያቄ ውስጥና ያለፈ ጊዜ ውስጥ።

«ነበር» የምትባል ቁልፍ

ደስ የሚለው፣ ሁለቱም በእጃችን አሉ። «ትሰጠኛለህ?» ስንል ጥያቄ ነው፤ «ካን ዩ» ማለት ነው። «ብትሰጠኝ» ስንል ደግሞ «ኩድ ዩ» ጋ ደረስን። ከሁሉም የምወዳት ግን «ነበር» ናት። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ፈልጌ ነበር» ስንል ፍላጎታችን አልፏል? አላለፈም፣ አሁንም እየፈለግን ነው። «ነበር» ያልነው ሰውዬው እምቢ ማለት ቢፈልግ መውጫ በር እንዲያገኝ ነው። እንግሊዝኛውም ያው ነው፦ «አይ ዎንትድ ቱ አስክ ዩ ሰምቲንግ»፣ «አይ ዋዝ ዎንደሪንግ ኢፍ ዩ ኩድ...»። ስለዚህ እንግሊዝኛ ልትጠይቁ ስትሉ «ስጠኝ»ን አትተርጉሙ፤ ለትልቅ ሰው የምትሉትን «ቢሰጡኝ ብዬ ነበር»ን ተርጉሙ።

እኔ ስህተት እየሠራሁ የተማርኳቸውን ልንገራችሁ።

ሰው ስትጠሩ «ዩ! ዩ!» አይባል። እኛ «ስማ!» የምንለውን ነው የተረጎምነው፤ ለእነሱ ግን ጣት እንደመቀሰር ነው። «ኤክስኪዩዝ ሚ» ይበቃል። «ማዘር»ም እኛ ጋ ፍቅር ነው፤ ለማያውቁን ፈረንጅ ሴት ግን ግር ያሰኛል።

ካፌ ስትገቡ «አይ ዋንት ኮፊ» ከምትሉ «አይድ ላይክ ኤ ኮፊ፣ ፕሊዝ» በሉ።

ቦታ ስትጠይቁ «ኩድ ዩ ቴል ሚ ዌር ዘ ባንክ ኢዝ?» በሉ። «ኢዝ» ወደ መጨረሻ እንደሄደች ልብ በሉ፤ ልክ እንደኛ «ባንኩ የት እንደሆነ» ማለት ነው። 

«ዉድ ዩ ማይንድ» ካሏችሁ ተጠንቀቁ! «ቅር ይልሃል?» ማለት ነው። ቅር ካላላችሁ መልሱ «ኖ» ነው፤ «ኖ፣ ኖት አት ኦል»። እኔ ያን ቀን «የስ» ያልኩት «አዎ፣ ቅር ይለዋል» ብዬ ነው ለካ።

ትእዛዝ የሚፈቀድበት ቦታም አለ፤ ጥቅሙ የሚታዘዘው ሰው ሲሆን። እኛ ቡና አፍልተን «ጠጡ እንጂ!» እንደምንለው እነሱም «ሃቭ ሰም ኮፊ»፣ «ሃቭ ኤ ሲት» ይላሉ። ስትጋብዙ እዘዙ፤ ስትለምኑ ጠይቁ።

ስልክ ላይ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በአካል ስንሆን ፈገግታችንና ጎንበስ ማለታችን ግማሹን ሥራ ይሠሩልናል። ቴክስት ፊት የለውም። ለስኮላርሺፕ ማመልከቻ መምህሩን «አይ ዋንት ሪኮመንዴሽን ሌተር። ሴንድ ኢት ቱዴይ» ብሎ ኢሜል የላከ ልጅ አውቃለሁ። ባለጌ አይደለም፤ መምህሩን መንገድ ላይ ቢያገኛቸው ቦርሳቸውን የሚሸከም ልጅ ነው። ኢሜሉ ግን ይህንን አያውቅም።

ዛሬ ያችን ቴክስት እንደገና ብጽፋት እንዲህ እላለሁ፦ «ሄሎ፣ አይ ሆፕ ዩ ጎት ሆም ሴፍሊ። አይ ዋዝ ዎንደሪንግ ኢፍ ዩ ኩድ ሴንድ ሚ ዘ ፎቶስ ዌን ዩ ሃቭ ታይም።» አንድ መስመር ሰላምታ፣ አንድ መስመር ጥያቄ፣ መጨረሻ ላይ «ሲመችዎት»። እናቴ ጎረቤት ሄዳ ወንፊት ስትዋስ የምትለው ይህንኑ ነው።

ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ባገኙኝ ቁጥር፣ «ያቺ ሴትዮ ምነው ሳታነሳኝ ሄደች?» ይሉኝ ነበር። ባለፈው እውነቱን ነገርኳቸው። ከት ብለው ሳቁና፣ «ታዲያ ምን ማለት ነበረብህ?» አሉኝ። «ኖ» አልኳቸው።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ አንድ ባለካሜራ ወጣት ፊታቸው ቆሞ ነበር። ገና አፉን ሳይከፍት ሽማግሌው ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ «ኖ! ኖ!» አሉት። ልጁ ደንግጦ ካሜራውን ሊከት ሲል ሮጬ ደረስኩ።