የሞተር ብስክሌት ጢስ ማውጫ ቱቦ ቀለም ሲለውጥ

ሞተር ብስክሌት አዲስ ሳለ የጢስ ማውጫ ቱቦው እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ግን ቱቦው ከሞተሩ ራስ ወጥቶ በሚታጠፍበት ስፍራ መልኩ መለወጥ ይጀምራል፤ በመጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያም ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ ይሆናል። ባለንብረቱ ይህን ባየ ጊዜ አመድ በጨርቅ ቋጥሮ ወይም የብርጭቆ ወረቀት ይዞ ሊፈትገው ይነሣል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በቱቦው ላይ የሚታየው ሁሉ እድፍ አይደለምና።

ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። ብረት በአየር ውስጥ ሲግል ከኦክሲጂን ጋር ይዋሐድና በገጹ ላይ እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን ያበጃል። ከዚህ ሽፋን የላይኛውና የታችኛው ገጽ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን እርስ በርሱ ሲገናኝ ከፊሉ ቀለም ይጠፋል፣ ከፊሉም ይጐላል። ዝናብ በጣለ ቀን በአስፋልት ላይ በፈሰሰ ዘይት የምታዩት ኅብረ ቀለም የሚፈጠረው በዚሁ መንገድ ነው። ሽፋኑ በወፈረ መጠን ቀለሙም ይለዋወጣል። ተራ ብረት 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ የገለባ ቢጫ፣ 300 ገደማ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል። የማይዝግ ብረት ግን በውስጡ ክሮም ስላለ ሰማያዊ የሚሆነው 540 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሙቀቱ የቆየበት ጊዜም ድርሻ ቢኖረው፣ ቱቦው ምን ያህል ግሎ እንደነበረ የሚመሰክር ጽሑፍ በራሱ ገጽ ላይ ተጽፎበታል ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ከመወልወል በፊት ጽሑፉን ማንበብ ይገባል። ከሞተሩ ራስ አጠገብ ያለ ቀላል የገለባ ቀለም የተለመደ ነው። ሰማያዊው ቀለም ወደ ታች እየወረደ ከሄደ፣ ወይም ሁለት ቱቦ ባለው ሞተር አንዱ ብቻ ከጠቆረ፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየጋለ መሆኑን መጠርጠር ያሻል። ምክንያቱ ምናልባት ቱቦው ከሞተሩ በሚገናኝበት ቦታ ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቶ አየር እያስገባ፣ ወይም የካንዴላው ብልጭታ ከጊዜው እየዘገየ፣ ወይም ደግሞ ወደ ሞተሩ የሚገባው ነዳጅ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር አንሶ ሊሆን ይችላል። ይህ የመጨረሻው ምክንያት በአገራችን መልክዓ ምድር ልዩ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ስለዚህም መካኒኩ በካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍባትን ቀዳዳ ጠበብ ባለች ይለውጣል። ያው ሞተር 1,200 ሜትር ገደማ ወደሆነችው ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ አየሩ ይጠነክራል፣ ነዳጁ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ቱቦው ሰማያዊ ሆኖ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። እንዲህ ያለውን ቱቦ እያብረቀረቁ መንዳት የታማሚን ፊት ቅባት ቀብቶ እንደ መሸኘት ነው፤ ቀለሙ ይመለሳል፣ የሞተሩም ቫልቭና ፒስተን እየተቃጠለ ይሄዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ቱቦው ከምን ተሠራ የሚለው ነው። ማግኔት አስጠጉበት፤ ካልያዘው የማይዝግ ብረት ነው። ከያዘው ግን ብዙውን ጊዜ ክሮም የተለበጠ ተራ ብረት ነው፤ ሆኖም ማግኔት የሚይዛቸው የማይዝጉ ብረቶችም ስላሉ ይህ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም። ክሮምን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1797 ያገኘው ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ቮክለን ነው፤ ስሙም በግሪክኛ «ቀለም» ማለት ነው። ለጌጥ የሚለበጠው ክሮም ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሺኛ አይደርስም፤ የራስ ጠጉር ከእርሱ ከመቶ እጥፍ በላይ ይወፍራል። የሚያብረቀርቀው ይህ ስስ ልባጥ በብርጭቆ ወረቀት አንድ ጊዜ ከተገፈፈ እንደገና በፋብሪካ ካልተለበጠ በቀር የሚመልሰው የለም። አመድም ቢሆን ደቃቅ አሸዋ አያጣውምና ለድስት የሚበጀው ለክሮም አይበጅም።

ሥራው ቱቦው በሚገባ ሲበርድ ይጀመራል። አስቀድማችሁ ጭቃውንና ዘይቱን በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ አድርቁ። በክሮም ላይ ጥቂት የብረት መወልወያ ቅባት በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ አድርጋችሁ ሳትጫኑ አሹት፤ ቀለሙ በአንድ ጊዜ ካልለቀቀ ኃይል ከመጨመር ይልቅ ደግሞ መሥራት ይሻላል። ነጠብጣብ ዝገት ካለ ጥቂት የአሉሚኒየም ወረቀት ጨምድዳችሁ በውሃ አርሳችሁ እሹበት። አሉሚኒየም ከክሮም እጅግ ስለሚለሰልስ ልባጡን ሳይጭር ዝገቱን ያነሣል። የማይዝግ ብረት የበለጠ ይችላል፤ በደቃቅ ማሻሻያም ቢታሽ አይጐዳም፣ ብቻ እሽቱ የብረቱን የጭረት አቅጣጫ የተከተለ ይሁን። የድስት ሽቦ ግን አይነካው፤ የሽቦው ብናኝ በገጹ ላይ ተሰክቶ ይቀርና የማይዝገው ብረት የዛገ ይመስላል። በረኪናም ሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ሁለቱንም ዓይነት ይበላል። ጥቁር ቀለም የተቀባ ቱቦ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ እርሱ የሚታደሰው ሙቀት በሚችል ቀለም እንጂ በውልወላ አይደለም።

የቀለጠ ላስቲክ የተጣበቀበት እንደሆነ ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ አስነሥታችሁ ላስቲኩ ሲለሰልስ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁና እጃችሁን ጠብቃችሁ በእንጨት ፋቁት፤ ቢላዋ ይጭራል።

በማይዝግ ብረት ላይ ያለውን ሰማያዊ ቀለም ፈጽሞ የማያነሡት አሉ፤ እንዲያውም እንደ ጌጥ ይቈጥሩታል። ሞተሩ ደኅና እስከሆነ ድረስ ይህ በእኔ አስተያየት የሚያስነቅፍ አይደለም። የወለወላችሁት ቱቦ ግን ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ አንድ ጊዜ ይጠረግ። በእጅ ሲነካ የቀረው የጣት ወዝ ሙቀቱ ሲያገኘው ተቃጥሎ ይታተማል፤ አሻራውም ከሰማያዊው ቀለም ይልቅ ለማጥፋት የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ።