መንግሥት ሲካሰስ ፋይሉን የሚያገላብጠው ተማሪ

የአምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪዎች፣ ኤክስተርንሺፕ ልትወጡ ነው? ዐቃቤ ሕግ ሲባል ብዙዎቻችሁ የሚታያችሁ የወንጀል ችሎት ነው። ፍትሕ ሚኒስቴር ግን የፌዴራል መንግሥትን ወክሎ በፍትሐ ብሔርም ይከራከራል፤ በግዥ ውል፣ በግንባታ፣ በካሳ።

እዚያ ከተመደባችሁ ችሎት ላይ ቆማችሁ አትከራከሩም። የምትሠሩት ከወፍራም ፋይል ጋር ነው። እኔ በተማሪነቴ ለአንድ የመከላከያ መልስ ረቂቅ አራት ገጽ ሙሉ በፍሬ ነገሩ ላይ ጻፍኩ። አለቃዬ አላነበቡትም። ክሱ ላይ ያለውን ቀን በቀይ እስክሪብቶ አክብበው መለሱልኝ። ይርጋውን ረስቼዋለሁ!

ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 መሠረት፣ ሕግ በሌላ ሁኔታ ካልደነገገ፣ በ10 ዓመት ይታገዳል። ይርጋን ደግሞ ፍርድ ቤቱ በራሱ አያነሳውም። ተከሳሹ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 መሠረት በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት በጊዜው ካላነሳው፣ እንደተወው ይቆጠራል። የሚጎዳው የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ሌላው ፈተና ማስረጃ ነው። አቅራቢው «ዕቃውን አስረክቤያለሁ» ካለ፣ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተቆርጧል ወይ? ይህን የሚመልሰው ሕግ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ክፍል ነው። ደብዳቤ ጽፋችሁ ብቻ አትቀመጡ፤ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ከመውጣታችሁ በፊት ከሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 222 እስከ 244 ያለውን አንብቡ። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።