ያውቁ ኖሯል? የ«=» ምልክት አባት በእስር ቤት ሞተ

ዛሬ ማንኛውም ተማሪ ደብተሩ ላይ የሚጽፈውን የእኩል ይሆናል ምልክት (=) ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመው ሮበርት ሪኮርድ የተባለ የዌልስ ተወላጅ ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ ነው። ይህም በ1557 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፉ ውስጥ ነበር።

እስከዚያ ድረስ የአውሮፓ ምሁራን እኩልነትን በአብዛኛው በቃል ይጽፉት ነበር፤ ለምሳሌ «ኤኩዋሊስ» በሚለው የላቲን ቃል ወይም በምኅጻሩ። ሪኮርድ ግን «እኩል ይሆናል» የሚለውን ሐረግ ደጋግሞ መጻፍ አታከተው። በምትኩ ርዝመታቸው አንድ የሆነ ሁለት ትይዩ መስመሮችን አሰመረ። ከእነዚህ ይበልጥ እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች ሊኖሩ አይችሉም ሲልም ምክንያቱን እዚያው መጽሐፉ ላይ አስፍሯል። መስመሮቹ ታዲያ ከዛሬዎቹ እጅግ የረዘሙ ነበሩ።

የሰውየው ትልቅነት በምልክቱ ብቻ አይለካም። የዘመኑ ሊቃውንት በላቲን ሲጽፉ እርሱ ሒሳብን በሕዝቡ ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ፣ በመምህርና በተማሪ ጭውውት አስተማረ። ይህን ያህል የለፋ ሰው መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ በ1558፣ ለንደን ውስጥ እስር ቤት ሞተ። ከአንድ ኃያል ባላባት ጋር በገባበት ክርክር በስም ማጥፋት ተፈርዶበት ነበር።

ምልክቱ ግን ወዲያው አልተስፋፋም፤ ዳግም በኅትመት የታየው በ1618 ነው። የሒሳብ ሊቁ ዴካርት እንኳ በ1637 ባሳተመው የጂኦሜትሪ ሥራው የተጠቀመው በሌላ ምልክት ነበር። በኋላ የሒሳብ ሊቃውንቱ ኒውተንና ላይብኒትስ የሪኮርድን መስመሮች ስለመረጡ «=» በመላው አውሮፓ ጸና።