ባዶዎቹ ገጾችና የአያቴ እህት

«ኒው ሙን» የተባለውን ልብ ወለድ የገዛሁት አዲስ አበባ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው። ሚኒባሱ ሆለታን ሳያልፍ ጀመርኩት። አዲስ ዓለም ስንደርስ ኤድዋርድ ፍቅረኛውን ቤላን ጫካ ውስጥ ጥሏት ሄዷል። ጊንጪ ላይ ተሳፋሪ ሲወርድና ሲሳፈር ባዶዎቹ ገጾች ላይ ደረስኩ። ኦክቶበር፣ ኖቬምበር፣ ዲሴምበር፣ ጃንዋሪ፤ በየገጹ የወሩ ስም ብቻ፣ ሌላ አንድም ቃል የለም። የኅትመት ስህተት መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ ልጅቷ እነዚያን ወራት አልኖረቻቸውም።

እንዲህ ያለውን ልብ ወለድ ፓራኖርማል ሮማንስ ይሉታል፤ ከፍቅረኞቹ አንዱ ተራ ሰው ያልሆነበት የፍቅር ታሪክ ነው። የዚህ ተከታታይ ደራሲ ስቴፈኒ ማየር የመጀመሪያውን መጽሐፍ፣ «ትዋይላይት»ን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 አሳተመች፤ ይሄኛው በ2006 ወጣ። በመጀመሪያው መጽሐፍ የኤድዋርድ ደም መጣጭነት ራሱ ያምራል። በሁለተኛው ዋጋ ያስከፍላል። ቤላ 18ኛ ልደቷን ስታከብር የስጦታ መጠቅለያ ጣቷን ቆረጣት፤ ለአንዲት ጠብታ ደም ከኤድዋርድ ቤተሰብ አንዱ ተወረወረባት። እሱም ለደኅንነቷ ብሎ ተለያት። ብዙ ሰው ፍቅረኛው ከታሪኩ ስለሚጠፋ ይህን መጽሐፍ አይወደውም። ለእኔ ግን ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ምክንያቱ ጃኮብ ነው። አምቦ ገብቼ ሌሊቱን ስቀጥል፣ ቤላን ከሐዘኗ ያወጣት፣ አሮጌ ሞተር ብስክሌት የጠገነላት ልጅ ተኩላ ሆኖ ተገኘ። መጽሐፉን አጥፌ ቁጭ አልኩ። እዚህ ላደገ ሰው፣ ሌሊት አውሬ ስለሚሆን ሰው መስማት አዲስ አይደለም። እኛ ጋ ጅብ ይሆናል ነው የሚባለው፤ ስሙም ቡዳ። ያ ስም ደግሞ ተረት ሆኖ አልቀረም። ማረሻ በሚቀጠቅጠው ቱምቱ፣ ቆዳ በሚያለፋው፣ ሸክላ በምትሠራው ሴት ላይ ተለጠፈ። ምጣዳቸውን ገዝቶ እንጀራ የሚጋግር ቤት ልጁን አይድርላቸውም ነበር።

የጃኮብ ወገኖች ክዊሊዩቶችም በእውን ያሉ ሕዝብ ናቸው፤ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ላ ፑሽ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ይኖራሉ። የጥንት ትረካቸው ተኩላዎች ወደ ሰው ተለወጡ ይላል። ማየር ገልብጣ ሰዎቹን ተኩላ አደረገቻቸው። ይህን ሳውቅ ተናደድኩ፤ አሁንም አልበረደልኝም። የፈጠራ አውሬ በእውነተኛ ሰው ላይ ሲጫን ምን እንደሚያመጣ ከቤታችን አውቀዋለሁ።

የአያቴ ታናሽ እህት ጉደር ውስጥ የሸክላ ሠሪ ልጅ ወደደች። የላካቸው ሽማግሌዎች ከደጅ ተመለሱ። እሷም ሌላ ሳታገባ ሞተች። አያቴ ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቡና እየቆላች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከዚያስ?» ስላት፣ «ከዚያማ ኖረች» አለችኝ። ያቺ ቃል ስንት ባዶ ገጽ እንደያዘች የገባኝ ጊንጪ ላይ ነው።

ቤላ ግን ጃኮብ ተኩላ መሆኑን ካወቀች በኋላም ተመልሳ ወደ እሱ ሄዳለች። መጽሐፉን የወደድኩት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያውን አንብባችሁ ያቆማችሁ፣ እባካችሁ ቀጥሉ። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ እንዲህ ተከልክሎ የቀረ፣ ወይም ተከልክሎም የጸና ትዳር የምታውቁ ደግሞ የማንንም ስም ሳትጠሩ ጻፉልኝ። አያቴን ከእንግዲህ መጠየቅ አልችልም።