የወላዷ ድምፅ

በኦፕራሲዮን የምትወልድ እናት፣ ጎንበስ ብላ የወገቡን መርፌ በትዕግሥት ከተቀበለችበት ቅጽበት አንሥቶ ሕፃኑ እስኪወጣ ድረስ ያለው ጊዜ፣ እርሷ ነቅታ የምታነጋግረን በመሆኗ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ በእኔ ግምት ከሙሉ ሰመመን ያላነሰ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ይህን በወገብ መርፌ የማደንዘዝ ጥበብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1898 ለቀዶ ሕክምና ያዋለው ጀርመናዊው አውጉስት ቢር፣ በገዛ ሰውነቱ ላይ አስሞክሮ ብርቱ ራስ ምታት አትርፏል (እንዲህ ያለ ድፍረት ዛሬ የሚፈቅድ ያለ አይመስለኝም)።

መድኃኒቱ ሕመምን ብቻ አስወግዶ አይቆምም፤ የደም ሥሮችን አጥብቀው የሚይዙትን ነርቮች ጭምር ስለሚያደነዝዝ፣ ሥሮቹ ላልተው ደሙ ወደ እግር ይወርዳል፤ በዚህም ላይ ወሩ የገባው ማሕፀን፣ በጀርባዋ በተኛች ጊዜ፣ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ታላቅ ሥር ስለሚጫነው፣ የደም ግፊቷ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያሽቆለቁላል፤ ወደ ማሕፀን የሚሄደው ደም የእናቲቱን ግፊት ተከትሎ የሚወርድ ነውና፣ ፅንሱም የመከራው ተካፋይ ይሆናል። ከቀኝ ዳሌዋ ሥር የታጠፈ አንሶላ ሸጉጠን ወደ ግራ 15 ዲግሪ ያህል የምናዘነብላት ስለዚህ ነው።

የግፊት መለኪያው በየአምስት ደቂቃው እንዲነፋ ተደርጎ ሳለ እናቲቱ «ውስጤን ረበሸኝ፣ ሊያስመልሰኝ ነው» ብትል፣ በሰሌዳው ላይ የሚነበበው ያለፈው ቍጥር እንጂ የአሁኑ አይደለም። ይህ ማቅለሽለሽ ብዙውን ጊዜ ደም ካነሰው አንጎል የሚመጣ ሆኖ ሳለ፣ ግፊቱን ሳይለኩ ወደ ማስመለስ መከላከያ መርፌ የሚሮጡ ባልደረቦች አይጠፉም፤ የሚሻለው መለኪያውን ወዲያው አስነፍቶ፣ ግፊቱ ወርዶ ከተገኘ ግፊት የሚያነሣውን ኤፌድሪን መስጠት ነው። እኔ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መለኪያውን በየደቂቃው አስነፋለሁ።

«ማርያም፣ ማርያም» እያለች የምትማጠነውን ወላድ ዝም በይ የሚሏት አሉ፤ እኔ ግን አላስቆማትም፤ ልመናዋ በሙሉ ድምፅ እስከ ተሰማ ድረስ ትንፋሿ ደኅና መሆኑን እረዳለሁና። ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ከቀጠነ፣ ጣቶቼን ጨብጪልኝ ስላትም እጇ ከላላብኝ፣ ድንዛዜው ወደ አንገት ነርቮች ወጥቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ቀዶ ሐኪሙ «ልጀምር?» ቢልም ቆይ እለዋለሁ፣ የኦክስጅኑን ጭንብልም አነሣለሁ።